እሬት የቀባንበት ሰሞን

በጎረቤቴ እቀና ነበር። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የወጣትነት ቅናቱን እያሳቀ ያወራዋል፤ እኔ ግን ያን ቅናት ዛሬም ሳነሣው ደረቴን ይሞቀኛል። የቀናሁት በቤቷ አይደለም፤ የእሷም የእኔም ቤት አንድ ሆኖ በግድግዳ የተከፈለ ነበር። በባሏም አይደለም፤ መልካም ሰው ቢሆንም ከደብተር እርማቱ ቀና የማይል አስተማሪ ነበር። የቀናሁት የገዛ ልጄ እሷን አብልጦ ስለሚወዳት ነው።

ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ በአንድ ሆድ የመጡ። ሁለቱ ሴቶች ቀድመው ወጡ፤ ወንዱ ከኋላ ተከተለ። ጡት ደግሞ ፈጣሪ የሰጠኝ እንደ ማንኛዋም ሴት ሁለት ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ስሌት ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነበር። ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ አንድ ሰፊ ቤት ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ ተሰጠ። ግቢው፣ ቧንቧውና ማንጎው የጋራ ነው። ባሌ በጣና ላይ ሰውና እህል እየጫነ እስከ ጎርጎራ በሚመላለስ ጀልባ ላይ መካኒክ ስለነበር የሳምንቱን ግማሽ ውሃ ላይ ነው የሚያሳልፈው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ጎረቤቴ ባሏን ተከትላ ከሸዋ የመጣች፣ ዘመድ በአካባቢው የሌላት የቤት እመቤት ነበረች።

ሁለታችንም በአንድ ሰሞን አረገዝን። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ሆዳችንን እያስተያየን እንስቅ ነበር። የእኔ ሆድ ያለ ቅጥ ስለገፋ መንታ ነው እያለች ታሾፍብኛለች፤ ሦስት ይሆናል ብላ ግን እሷም አላሰበችም። በአራት ቀን ቀደመችኝ። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። በማግስቱ እኔን ምጥ ያዘኝ። በአንድ ግድግዳ ወዲያና ወዲህ እሷ ቤት ለቅሶ፣ እኔ ቤት እልልታ ሆነ። የእኔ ዘመዶች ነውር እንዳይሆንባቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነበር የሚስቁት።

ሴቶቹ ጡቱን እንደ ያዙ አይለቁም ነበር። ወንዱ ግን ትንሽ ስቦ ይደክመውና ይተኛል፤ ሲነቃ ወተቱን እኅቶቹ ጨርሰውታል። የዱቄት ወተት ከኅብረት ሱቁ ጠፍቷል። የላም ወተት በውሃ አቅጥነን ብንሰጠው ሆዱን ነፋው። በሳምንቱ ቆዳው በአጥንቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሲያለቅስ እንኳ ድምፁ ከአልጋው አያልፍም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ጡቷን በመቀነት ጠፍራ ብታስረውም ወተቱ ቀሚሷን አርሶት ነበር። እኔንም ሴቶቹንም አላየችም፤ ያየችው እሱን ብቻ ነው። «ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት።

እውነቱን ልናገር፤ ስሰጣት እፎይ ነው ያልሁት። ልጁ ይተርፋል ብዬ ብቻ አይደለም። አንድ አፍ ተቀነሰልኝ፣ ትንሽ ልተኛ ነው ብዬም ነበር። መቀነቷን ፈትታ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታጠባው ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ሲውጥ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን አመሰገንኋት፤ እግሯን ልስም ትንሽ ነው የቀረኝ። ቅናት የሚባል ነገር ገና በአጠገቤ አልደረሰም።

የደረሰው በአርባኛው ቀን ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እናትም ወንድ ከወለደች አርባ፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይህን የማያውቅ የለም። ሁለቱንም ባንድ ቀን የወለደች ምን ታድርግ ብሎ ያሰበ ግን በእኛ ሰፈር አልነበረም። የነፍስ አባታችንን ባማክራቸው ጢማቸውን እየዳሰሱ ብዙ አሰቡ። ልጁ ደካማ ነውና ቀኑ ሊያልፍበት አይገባም፤ አንቺ ግን የሴቶቹን ሰማንያ ትጠብቂያለሽ አሉኝ። ታዲያ ማን ታቅፎት ይገባል ብዬ ጠየቅኋቸው።

መልሱ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ጎረቤቴ የወለደችው ወንድ ስለሆነ አርባ ቀኗ ከሞላ አራት ቀን አልፎታል። በዚያ ላይ የምታጠባው እሷ ናት። ባሌም ዘመዶቼም የነፍስ አባታችንም ከሷ የተሻለ ከየት ይገኛል አሉ። እኔም አልሁ።

ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ አንዷን ልጅ አዝዬ ሌላዋን ታቅፌ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆምሁ። እሷ ጥቁሯን በነጭ ለውጣ፣ ልጄን በነጭ ጠቅልላ ከባሌና ከክርስትና አባቱ ጋር ገባች። ቅዳሴው ሲሰማ ቆየ። ሴቶቹ ተራ በተራ ያለቅሳሉ፤ አንዷን ሳባብል ሌላዋ ትነሣለች፤ ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጠባሁ። ልጁ በስንተኛው ሰዓት እንደ ተጠመቀ፣ አልቅሶ እንደ ሆነ፣ ሲቆርብ አፉን እሺ ብሎ ከፍቶ እንደ ሆነ አላየሁም። ስትወጣ ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር፤ ግንባሩ በሜሮን ይሸታል። በሩ ላይ የነበሩ የማላውቃቸው ባልቴቶች እሷን ከበቧትና እግዜር ያሳድግልሽ አሏት።

«አሜን» አለች።

የእኔ አይደለም ልትል ትችል ነበር። እናቱ ያችውላችሁ ብላ ወደ ድንጋዩ ልትጠቁም ትችል ነበር። አላለችም። ያን አሜን ሰምቼ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ያን ጊዜ ቀናሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀና ኖርሁ።

ቅናት ሥራ ፈት ሰው ላይ ይበረታል ይባላል እንጂ እኔ የምቀናበት ጊዜ ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም። ሦስት ድክ ድክ የሚሉ ልጆች ያለው ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ሰዓት የለውም። ጠዋት ስነሣ ሦስት የረጠበ ጨርቅ፣ ሦስት የተከፈተ አፍ ይጠብቀኛል። የአንዷን እግር ሱሪ ውስጥ ሳስገባ ሌላዋ ያለበስኋትን አውልቃለች። አንዷ ቧንቧውን ከፍታ ጭቃ ውስጥ ስትቀመጥ ሌላዋ የዶሮዎቹን ጥሬ እየለቀመች ትበላለች። የግቢያችን በር ከሥሩ በስብሶ ስለነበር ልጅ ያሾልካል። አንድ ቀን መካከለኛዋ ጠፍታ ሰፈሩን ስናስስ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ለማድረቅ ባቆሙበት ሥር ተቀምጣ ደንገል ስታኝክ ተገኘች። ውሃው ከእግሯ አንድ ክንድ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ልብስ ሳጥብ ሁለቱን በመቀነት ወገባቸውን አስሬ ከአልጋው እግር ጋር አያይዛቸዋለሁ። ያየኝ ሁሉ ጨካኝ ይለኛል። ሦስት ያልወለደ ሰው ብዙ ምክር አለው።

ወንዱ ግን አይታሰርም፤ አጠገቤ የለምና። በመጀመሪያ ለመጥባት ብቻ ነበር ወደ እሷ የሚሄደው። ኋላ ለመጥባት ሄዶ እዚያው ይተኛል፤ ተኝቶ ሲነሣ እዚያው ይበላል። እኔ ሥራ ስገባ ሴቶቹን የምትይዝልኝ ከዱርቤቴ የመጣችው የአባቴ እኅት ነበረች። እሳቸው ልበል እንጂ፤ በሕይወት ሳሉ አንቱ ካላልኋቸው ምሳ አይበሉም ነበር። አክስቴ ጉልበታቸው የሚችለው ሁለት ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው በግድግዳው ወዲያ መዋሉን እንደ እግዜር ስጦታ ነበር የሚያዩት።

እኔ ግን ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ አይቼም እናደዳለሁ። ንጹሕ ነው። ከኅብረት ሱቁ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ሳሙና እኛ ቤት ለሦስት ልጅ ጨርቅ አይበቃም፤ እሷ ቤት ግን የእሱ ብቻ ነው። ፀጉሩ ተበጥሯል፤ ጥፍሩ ተቆርጧል። ሴቶቹ ንፍጣቸውን እጅጌያቸው ላይ እየጠረጉ ሲሮጡ እሱ ደፏ ላይ ተቀምጦ እሾሁ የተለቀመለትን ዓሣ ከእጇ ይበላል። እኔ ዓሣ ስሠራ ሴቶቹ እሾህ እንዳይወጋቸው መረቁን ብቻ ነበር የምሰጣቸው፤ ለሁለት ልጅ እሾህ የምለቅምበት ጊዜ አልነበረኝም። ሰው ቢጠይቀኝ ጎረቤቴ ልጁን እያቀማጠለች አበላሸችው እላለሁ። በልቤ ግን አንድ ብቻ ቢኖረኝ እኔም እንደሷ እናት በሆንሁ ነበር እያልሁ አለቅሳለሁ።

የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር ደግሞ ጆሮ መያዙ ነው። ልጁ እንቅልፉ ሲመጣ የሰው ጆሮ ጫፍ ካልያዘ አይተኛም። የሷ ጆሮ ላይ ትንሽ ክብ ጉትቻ አለ። ሌሊቱን ከእኔ ጋር ሲያድር እጁን ይዘረጋና ጆሮዬን ይዳስሳል፤ ባዶ ሲሆንበት እጁን ይሰበስባል። ይህን ካየሁ በኋላ ጉትቻ ገዛሁ። ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ስል ጆሮዬን አዲስ ለማስበሳት ሄድሁ፤ የድሮው ተደፍኖ ነበርና። አመረቀዘ። አክስቴ ለማን ብለሽ ነው ይህን ያህል የምትኳኳይው፣ ባልሽ እንደሆን ጎርጎራ ነው አሉኝ። ልጁም ያበጠውን ጆሮዬን አንድ ቀን ነካ አድርጎ ስጮህበት ሁለተኛ አልነካኝም።

ወር በገባ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር። መቅረት አይቻልም፤ ስም ይጠራል። ሦስቱንም ይዘን ነው የምንሄደው፤ ሴቶቹን እኔና አክስቴ፣ እሱን እሷ። አንድ ቀን ሊቀመንበሯ ንግግሯን አቁማ ከፊት ወንበር ላይ ልጁን አነሣችና ወደ ሕዝቡ አዞረችው። የነገውን አብዮታዊ ትውልድ እንዲህ አድርጋችሁ አሳድጉ፣ እስቲ የዚህ ልጅ እናት ትነሣ አለች። ተነሣሁ። ጎረቤቴም ተነሣች።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሷ ወዲያው ደንግጣ ተቀመጠች፤ ሳታስበው እንደ ተነሣች ፊቷ ይናገር ነበር። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሊቀመንበሯ ልጁን ወደ እኔ ዘረጋችው፤ እሱ ግን አንገቱን አዙሮ የተቀመጠችውን ይፈልጋል። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቷ ቀድሜ ሄድሁ። አናገረችኝ፤ አልመለስሁም። ምን አደረግሁሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ያደረገችውን እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ቅናት እንዲህ ነው።

ልጆቹ ሁለት ዓመት ሊደፍኑ ሲሉ አክስቴ ነገር አመጡ። ሰውነትሽ አልቋል፣ ሁለት ልጅ እስከ መቼ አዝለሽ ታጠቢያለሽ፣ ጡት አስጥይ አሉኝ። ጡት የሚያስጥል እሬት ነው፤ ከአጥሩ ሥር በቅሏል። ቅጠሉ ሲሰነጠቅ የሚንጠባጠበው ቢጫ ውሃ ጡት ላይ ይቀባል፤ ልጅ አንዴ ከቀመሰው በሁለተኛው አይመለስም። እኔም በእሬት ነው ጡት የጣልሁት፣ እናቴም እንደዚያው።

እሺ ስላቸው ያሰብሁት ስለ ሴቶቹ አልነበረም። እኔ ካስጣልሁ ጎረቤቴም ማስጣል አለባት፤ ሦስቱ መንታ ናቸውና አንዱ ብቻ ሊቀር አይችልም፤ ጡቱ ከቆመ ደግሞ ልጁን በግድግዳው ወዲያ የሚያቆየው ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉ በልቤ አሰላሁ። የሁለት ዓመት ሂሳቤን በአንድ ቅጠል ልዘጋ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስመለስ ቀባሁት። ታላቋ አንዴ ስባ ፊቷን አኮማተረችና ተፋችው፤ ምላሷን በቀሚሴ እየጠረገች አለቀሰች። መካከለኛዋ ተንኮለኛ ናት፤ በጨርቅ ጠርጋው ደግማ ሞከረች፤ ስትጠርግ ይብስ ተለቀለቀ። ሦስተኛው የመጣው የእኅቶቹን ጩኸት ሰምቶ ነው። ለወጉ ያህል እኔ ጋም አልፎ አልፎ ይጠባ ነበር፤ እኔ እምቢ ብዬው አላውቅምና። ወጣና ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። በምላሱ ጫፍ ነካው። ቀና ብሎ አየኝ። አላለቀሰም። ከጉልበቴ ወረደና ግቢውን አቋርጦ፣ በእርጋታ፣ ወደ እሷ በር ሄደ።

እሷ ደግሞ አልቀባችም ነበር። ማታ አንቺም ቀቢ ብዬ በአክስቴ በኩል ላክሁባት። እሱ ትንሽ ይቆይ፣ ከእኅቶቹ ደካማ አይደል ብላ መለሰችልኝ። በሁለት ዓመቱ ከሁለቱም ይልቅ የሚመዝነው እሱ ነበር።

ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሱ። ጡቴ አግቶ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ቢሮ ተቀምጬ ስተይብ ሸሚዜ ይርሳል። በአራተኛው ቀን ግን ለቅሶው ቆመ። አክስቴ እሬቱ ሥራውን ሠራ እያሉ ተኩራሩ። እኔም አመንሁ። በሳምንቱ ዓርብ ራሴን አሞኝ ቶሎ ተለቀቅሁና ከሰዓቱ ቀድሜ ቤት ደረስሁ። አክስቴ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ልጆቹ የሉም። በበሰበሰው በር በኩል ወጥተው ይሆን ብዬ ወደ ሐይቁ ልሮጥ ስል ከጎረቤቴ በር ድምፅ ሰማሁ።

ደፏ ላይ ተቀምጣለች። በአንዱ ጡቷ ላይ እሱ አለ። በሌላው ታላቋ ናት። መካከለኛዋ አጠገቧ ቆማ፣ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ፣ ተራዋን ትጠብቃለች።

ኋላ እንደ ሰማሁት ወንድማቸው ነው እየመራ የወሰዳቸው፤ እሷም እያለቀሱ እግሯ ሥር ሲወድቁ መጨከን አልቻለችም። ያን ጊዜ ግን ይህን አልጠየቅሁም። ሦስቱም። አንዱ አልበቃ ብሏት ሦስቱም። ታላቋን ከጡቷ ላይ ነጠቅኋት፤ ልጅቷ ስትጮህ ወተት ከአፏ ወረደ። ከዚያ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ቃል ተናገርሁ።

«በሞተብሽ ልጅ ምትክ የእኔን ሦስቱን ልትወስጂ ነው?»

እሷ የቀሚሷን ቁልፍ ቆለፈች፤ ልጁን ከጉልበቷ አውርዳ ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና ገብታ በሩን ዘጋች። ሦስቱንም ይዤ ገባሁ። እሱ የእሷን በር እያየ አለቀሰ፤ እኔም እሱ ሲያለቅስ ተናደድሁ፣ የተናገርሁትም ይቆጠቁጠኝ ጀመር። አክስቴ ነቅተው ሁሉንም ሰምተው ነበር። አክስቴ ዝም ካሉ ነገሩ ከባድ ነው።

ቅዳሜ ስንዘጋጋ ዋልን። ወደ ማታ ልብስ ከገመድ ሳነሣ መጥታ ማንጎው ሥር ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ነገ ጠዋት እኔም እቀባለሁ» አለች። «እሬቱን አንቺው ቆርጠሽ አምጪልኝ። ፊትሽ እቀባዋለሁ፤ አይተሽ እንድታምኚ ብዬ ነው።»

አያስፈልግም፣ አምንሻለሁ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልሁ።

እሑድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ካሉት ቅጠሎች ሁሉ ወፍራሙን መርጬ ቆረጥሁ። ደፏ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ቅጠሉን በቢላዋ ሰንጥቄ ሰጠኋት። ሁለቱንም ጡቷን አወጣችና ከጫፍ እስከ ሥር፣ አንድ ቦታ ሳታስቀር፣ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ቀባችው። እኔ እንደዚያ አድርጌ አልቀባሁም። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ጎን ጣለችና ሁለት እጆቿን በግራና በቀኟ ደፉ ላይ ዘረጋች። ልጁን አልጠራችውም። እሱ ማንጎው ሥር ከእኅቶቹ ጋር ነበር፤ ደረቷ ተከፍቶ ሲያይ ሮጦ መጣና ወጥቶ ያዘ።

ፊቱ ተኮማተረ። አፉን አንሥቶ ወደ ኋላ ሳበውና ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ በሙሉ ድምፁ አለቀሰ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያስጠላል፤ ግን ሳላስበው ከልቤ ደስ አለኝ። እዚያው ፊቱ ቁጢጥ ብዬ እጄን ዘረጋሁለትና ና የእናትህ ልጅ፣ ና ወደ እኔ አልሁት።

አየኝ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ዞረና መልሶ ያዘው።

ይለቃል ብዬ ጠበቅሁ። ሲስብ ይንቀጠቀጣል፤ ይተፋዋል፤ ይጮሃል፤ መልሶ ይይዛል። ቢጫ ምራቅ በአገጩ ይወርዳል። እያለቀሰ ነበር የሚጠባው። እሷ እጆቿን ከደፉ ላይ አላነሣችም፤ ልትይዘው እንዳልፈለገች እኔ እንዳይ፣ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ሲሚንቶውን ተጭናለች። እንባዋ ግን በልጁ ፀጉር ላይ ይንጠባጠባል።

አታለለችኝ ብዬ አሰብሁ። እሬቱ አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም እኔ ሳልመጣ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር ቀድማ ቀብታበት ይሆናል አልሁ። ይህን እንኳ አሰብሁ። ጣቴን ዘርግቼ ነፃ የነበረውን ጡቷን ነካሁና ወደ አፌ ወሰድሁት። መራራው ምላሴን አልፎ ጉሮሮዬ ድረስ ወረደ። ምራቄን ብተፋም፣ ደጋግሜ ብተፋም አልለቀቀኝም። የእኔ ጡት ላይ በምላሱ ጫፍ ብቻ ነክቶ የተወው ያው እሬት ነው።

«እጠቢው» አልኋት።

አልተንቀሳቀሰችም። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደግሜ አልኋት። ልታምነኝ አልፈለገችም መሰለኝ፤ ዓይኗን ከልጁ ሳታነሣ ራሷን ነቀነቀች።

ተነሥቼ ቧንቧው ጋ ሄድሁና ጆጉን ሞልቼ፣ ያለችኝን ቁራሽ ሳሙና ይዤ መጣሁ። ፊቷ ተንበርክኬ መጀመሪያ ነፃውን፣ ልጁን ወደዚያ ስታዛውረው ደግሞ ሌላውን፣ በገዛ እጄ አጠብሁላት። ቢጫው ውሃ በቀሚሷ ላይ ወርዶ በደፉ ላይ ፈሰሰ። ልጁ መራራው ሲለቅለት ማልቀሱን ተወ። እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ጆሮዋን ያዘና ዓይኑን ጨፈነ፤ ማን እንዳጠበለት ቀና ብሎ አላየም።